በትንሹ ከወሰን የወጣ የደም ምርመራ ውጤትና ተጨማሪ ምርመራ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በደሴ፣ በኮምቦልቻና በአካባቢያቸው የደም ምርመራ አድርገው፣ በውጤት ወረቀታቸው ላይ ከአንድ ወይም ከሁለት ቁጥሮች ጎን ምልክት አይተው ለሚጨነቁና «ሌላ ምርመራ ልጨምር ይሆን?» ብለው ለሚያስቡ ሰዎች ነው። የሚመለከተው በጥቂቱ ከወሰን የወጣን ውጤት ሲሆን፣ ጊዜ የማይሰጡት ሁኔታዎች ወደ መጨረሻው አካባቢ ለብቻቸው ተነሥተዋል። እዚህ የተጻፈው የእርስዎን የጤና ታሪክ የሚያውቅ ሐኪም የሚሰጠውን ውሳኔ አይተካም።

ከቁጥሩ ጎን ምልክት ተደርጎበታል። ታምሜያለሁ ማለት ነው?

ምልክቱ ብቻውን ይህን አይናገርም። በወረቀቱ ላይ የሚታተመው መደበኛ ወሰን በአብዛኛው የሚዘጋጀው፣ ጤነኛ ናቸው የተባሉ ብዙ ሰዎች ከተመረመሩ በኋላ ከውጤታቸው መካከለኛውን 95 ከመቶ በመውሰድ ነው። በዚህ አሠራር ከጤነኞቹ መካከል 2.5 ከመቶ የሚሆኑት ከወሰኑ በላይ፣ 2.5 ከመቶ የሚሆኑት ደግሞ ከወሰኑ በታች ይውላሉ፤ ከወሰን የወጡትም በሽታ ስላለባቸው ሳይሆን መስመሩ የተሰመረው እንዲያ ስለሆነ ነው። እርስ በርስ የማይያያዙ 20 ምርመራዎችን በአንድ ቀን ያደረገ ጤነኛ ሰው፣ ቢያንስ በአንዱ ላይ ምልክት የማየት ዕድሉ 64 ከመቶ ገደማ ነው። ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴሎች ቆጠራ ብቻውን ከአሥር በላይ ቁጥሮችን ስለሚያወጣ፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ሲታከልበት ምንም ምልክት የሌለበት ወረቀት ማግኘት ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ ብርቅ ነው።

ይህ አነጋገር ግን ሁለት ገደቦች አሉት። የስኳርና የኮሌስትሮል መስመሮች የተሰመሩት የጤነኛ ሰዎችን ስርጭት በማየት ሳይሆን ወደፊት የሚያስከትሉትን ጉዳት በመመዘን ስለሆነ፣ እነሱ ላይ «ብዙ ሰው እንዲህ ነው» ማለት ማጽናኛ አይሆንም። ሌላው ደግሞ ከወሰን ሳይወጡ የሚደረጉ ለውጦች ናቸው። ባለፈው ዓመት ሄሞግሎቢኑ (በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) 16 የነበረ ወንድ ዘንድሮ 13.2 ቢሆን ወረቀቱ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ ይህ መውረድ ግን ሁልጊዜ በመስመሩ ዳር ላይ ከሚገኝ ሰው ውጤት የበለጠ ምክንያቱ ሊፈለግ የሚገባው ነው። የቆዩ የውጤት ወረቀቶችን አለመጣል የሚመከረውም ለዚህ ነው።

በአንዱ ላብራቶሪ ከፍ ያለው በሌላው ኖርማል ሆነ። የትኛውን ልመን?

ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ላብራቶሪዎች የተለያየ ማሽንና ኬሚካል ስለሚጠቀሙ መደበኛ ወሰናቸውም ይለያያል፤ ስለዚህ አንድን ቁጥር ማነጻጸር የሚገባው ያንን ቁጥር ያወጣው ላብራቶሪ ራሱ ካተመው ወሰን ጋር ነው። ከዚህም ሌላ የሰው ደም ከቀን ወደ ቀን፣ ከጠዋት ወደ ማታ በተፈጥሮው ይለዋወጣል።

ናሙናው የተወሰደበትና የቆየበት ሁኔታም የራሱ ድርሻ አለው። ደም ሲቀዳ ቀይ ሴሎች ከፈረሱ፣ ወይም እጅ ታስሮ ቡጢ ደጋግሞ ከተጨበጠ፣ የፖታሲየም መጠን በሐሰት ከፍ ይላል። ለስኳር የተወሰደ ደም ሳይለይ በተራ ብልቃጥ ውስጥ ከቆየ፣ ሴሎቹ ስኳሩን እየተጠቀሙ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 ከመቶ ያህል ይቀንሱታል። ደም እንዳይረጋ የሚጨመረው ንጥረ ነገር ደግሞ በአንዳንድ ሰዎች ደም ውስጥ ፕላትሌቶችን፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚረዱትን ጥቃቅን ሴሎች፣ እርስ በርስ ስለሚያጣብቃቸው፣ ማሽኑ ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ይቆጥራል።

ስለዚህ በአንድ ሳምንት ውስጥ በደሴ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያሉትን ላብራቶሪዎች ማዳረስ ግራ መጋባትን ከማብዛት በቀር የሚፈይደው ነገር አነስተኛ ነው። የሚጠቅመው በሐኪም በተወሰነ ጊዜ፣ በዚያው ላብራቶሪ፣ በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ ዝግጅት መድገም ነው።

ደሴ ከፍታ ላይ ስላለች የሄሞግሎቢኔ ቁጥር ይለወጣል?

ሊለወጥ ይችላል፤ ከዚህ አካባቢ የሚመጣ ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ቁልቁል የምትገኘው ኮምቦልቻ ግን ከ1,800 እስከ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር የሚተነፈሰው አየር ኦክስጅን ስለሚሳሳ፣ ሰውነት ቀይ የደም ሴሎችን በማብዛት ያካክሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ደም ማነስ የሚለው ሄሞግሎቢን ለወንድ ከ13፣ እርጉዝ ላልሆነች ሴት ከ12፣ በእርግዝና የመጀመሪያና የመጨረሻ ሦስት ወራት ደግሞ ከ11 ግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ነው፤ በደሴ ከፍታ ለሚኖር ሰው ግን ከተለካው ቁጥር ላይ ከ1 ግራም በላይ ቀንሶ ከነዚህ መስመሮች ጋር ማነጻጸርን ይመክራል።

ይህን ቅናሽ በኛ አገር ሰው ላይ በጭፍን መተግበር ደግሞ አይገባም። በሰሜን ተራሮች 3,500 ሜትር ገደማ ላይ በሚኖሩ ደገኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሄሞግሎቢናቸው በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም ያልራቀ ሆኖ አግኝቶታል፤ ይህም የኢትዮጵያ ደገኛ ለከፍታ የተላመደበት መንገድ ከሌላው ዓለም የተለየ መሆኑን ካሳዩ ግኝቶች አንዱ ነው። በተግባር ሲታይ፣ የደሴ ነዋሪ የሆነ ወንድ ሄሞግሎቢኑ ከወረቀቱ ወሰን በጥቂቱ ቢያልፍ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ማጨስ፣ ስለ ውሃ መጠጣትና ስለ እንቅልፍ ማንኮራፋት ነው። በአንጻሩ 12.1 የተባለች የደሴ ሴት ድካምና የልብ ምት መፍጠን ካለባት፣ ቁጥሩ ከመስመሩ በላይ ስለሆነ ብቻ «ደምሽ ሙሉ ነው» ተብላ መመለስ የለባትም።

ዝቅ ላለ ሄሞግሎቢን ቀጣዩ እርምጃ ከሲቢሲው ወረቀት ራሱ ይጀምራል። የእያንዳንዱ ቀይ ሴል ግዝፈት አነስተኛ ከሆነ ብዙ ጊዜ የብረት እጥረት ይታሰባል፤ ሲቻል በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው የፌሪቲን ምርመራ፣ የሰገራ ምርመራና ስለ ወር አበባ ብዛት መጠየቅ ይከተላል። በወንድና የወር አበባዋ በቆመ ሴት ላይ የሚገኝ የብረት እጥረት ግን በኪኒን ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ ደም ከጨጓራ ወይም ከአንጀት እየፈሰሰ እንዳይሆን መመርመር አለበት። ይህ ተጨማሪ ምርመራ በእርግጥ አስፈላጊ ከሚሆንባቸው ቦታዎች አንዱ ስለሆነ፣ ሐኪሙ ሲያዝዘው ለነገ ባይሉት እመክራለሁ።

ነጭ የደም ሴሌ ዝቅ ብሏል። የደም ካንሰር ይሆን?

ሰዎችን እጅግ ከሚያስጨንቁ ቁጥሮች አንዱ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም ያለ ምክንያት ነው። በማሽኖቹ ላይ የተጫኑት ወሰኖች በአብዛኛው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሰዎች የተወሰዱ ናቸው። በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ግን፣ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ፣ ኒውትሮፊል የሚባለው የነጭ ሴል ዓይነት በተፈጥሮ ዝቅ የሚልባቸው ጤነኞች ብዙ ናቸው። ምክንያቱ የዘር ውርስ ነው፦ በቀይ የደም ሴሎቻቸው ላይ ደፊ የሚባለው ፕሮቲን የሌላቸው ሰዎች ኒውትሮፊላቸው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ1,000 እስከ 1,500 ሊሆን ይችላል፤ ይህም ሆኖ ከሌላው ሰው የበለጠ በኢንፌክሽን አይጠቁም። የዚህ ፕሮቲን አለመኖር ቫይቫክስ የሚባለውን የወባ ዓይነት በብዛት የሚከላከል ባሕርይ ነው።

ሐኪሙ የሚያየው ቁጥሩ ከበፊቱ እንዲሁ የነበረ መሆኑን፣ ሄሞግሎቢንና ፕላትሌት ደህና መሆናቸውን፣ እንዲሁም የሚወሰድ መድኃኒት መኖሩን ነው። እንደ ሁኔታው የኤች አይ ቪ ምርመራ ሊያዝዝና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሲቢሲውን ሊያስደግም ይችላል። አሳሳቢ የሚሆነው ኒውትሮፊሉ ከ1,000 በታች ሲወርድ፣ በየጊዜው እያሽቆለቆለ ሲሄድ፣ ሌሎቹ ሴሎችም አብረው ሲቀንሱ፣ ወይም ትኩሳት፣ የአፍ ቁስልና የክብደት መቀነስ ሲኖር ነው።

ኢዮሲኖፊል ከፍ ብሏል ተባልኩ።

ኢዮሲኖፊል አንድ የነጭ የደም ሴል ዓይነት ነው፤ ከፍ ሲል በአካባቢያችን በመጀመሪያ የሚታሰቡት የአንጀት ጥገኛ ትላትሎች፣ አስምና አለርጂ ናቸው። አንድ የሰገራ ምርመራ ነጻ ሆኖ መገኘቱ ትል የለም ማለት ስላልሆነ፣ በተለያዩ ቀናት ሦስት ናሙና መስጠት የተሻለ ነው። በሐይቅ ከተማ አካባቢ ቢልሃርዝያ በጥናት የተረጋገጠ በመሆኑ፣ በሐይቁ ወይም በወንዝ ውሃ የሚዋኝ፣ ልብስ የሚያጥብ ወይም ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ይህን ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ፕላትሌቴ 130,000 ሆነ። ደም ይፈስሰኛል?

የተለመደው ወሰን ከ150,000 እስከ 450,000 ነው፤ በ130,000 ላይ ያለ ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ ደም አይፈስሰውም። ከላይ እንደተነሣው የፕላትሌት መጣበቅ ሊሆን ስለሚችል፣ በማይክሮስኮፕ ስላይዱን ማየት ወይም በሌላ ዓይነት ብልቃጥ መድገም ይበቃል። በእርግዝናም በጥቂቱ መውረዱ የተለመደ ነው። ትኩሳት ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ወባ ፕላትሌትን ስለሚቀንስ፣ ከኮምቦልቻ ወይም ከሐርቡና ከከሚሴ ቆላ የመጣ ትኩሳት ያለበት ሰው የወባ ምርመራውን በዚያው ቀን ማድረግ ይኖርበታል።

የጉበት ምርመራዬ ከፍ ብሏል። ጉበቴ ተጎድቷል?

ኤስጂፒቲና ኤስጂኦቲ የሚባሉት ኢንዛይሞች ከወሰኑ በጥቂቱ፣ ለምሳሌ ከእጥፍ በታች፣ ከፍ ማለታቸው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። በጉበት ላይ የተከማቸ ስብ፣ አረቄና ሌላ መጠጥ፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት፣ ከመጠን በላይ የተወሰደ ፓራሲታሞል፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ከሚታወቁት ምክንያቶች መካከል ናቸው። ኤስጂኦቲ በጡንቻ ውስጥም ስለሚገኝ፣ ከምርመራው በፊት ባለው ቀን ከባድ ጭነት ሲያወርድ የዋለ ሰው ጉበቱ ሳይነካ ቁጥሩ ሊያሻቅብ ይችላል።

በወሎ ሳይነሡ የማይታለፉ ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው ጫት ነው፤ በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ለረጅም ጊዜ ጫት መቃምን ከሥር የሰደደ የጉበት ጉዳት ጋር አያይዘውታል፣ ስለዚህ ሐኪሙ ሲጠይቅ ማፈርም መደበቅም አያስፈልግም። ሁለተኛው በባህል የሚሰጥ ቅጠልና ሥር ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ የሚጠጣው መድኃኒት መጠኑ የማይታወቅ በመሆኑ፣ የታመመን ጉበት ይበልጥ ሊጎዳው ይችላል።

እዚህ ላይ ኢንዛይሙን በየሳምንቱ ከመድገም ይልቅ ምክንያቱን መፈለግ ይሻላል። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን በስፋት የሚገኝ በሽታ ነው፤ ምርመራው አንድ ጊዜ ሲደረግ ለዓመታት የሚጠቅም መልስ ይሰጣል። ለዓረብ አገር ጉዞ በተደረገ ምርመራ ሄፓታይተስ ቢ ተገኝቶባቸው የተመለሱ ወጣቶች አሉ፤ ጉዞው ቢቀርም የእነሱ ጉዳይ እዚያ ማብቃት የለበትም። ክትትል ያስፈልጋቸዋል፣ አብረዋቸው የሚኖሩ የቤተሰብ አባላትም ተመርምረው ነጻ ከሆኑ ክትባት ሊያገኙ ይገባል። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ቁጥሩን አይቶ በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን ማቆም የለበትም።

ስኳሬ 112 ሆነ። የስኳር ሕመምተኛ ሆኛለሁ?

አልሆኑም፤ ነገር ግን ችላ የሚባል ቁጥርም አይደለም። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ ሲሆን የስኳር ሕመም ይባላል፤ የሕመሙ ምልክት የሌለበት ሰው ግን ይህ ቁጥር በሌላ ቀን ተደግሞ መረጋገጥ አለበት። ከ126 በታች ሆኖ ከፍ ያለውን የዓለም ጤና ድርጅት ከ110፣ የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ደግሞ ከ100 ጀምሮ የቅድመ ስኳር ደረጃ ይለዋል። የሦስት ወር አማካይ የሚያሳየው ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ 6.5 ከመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኳር ሕመምን ያመለክታል፤ ደም ማነስ ያለበት ሰው ግን ውጤቱ ሊዛባ ስለሚችል ይህን አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባዋል።

ከመደናገጥ በፊት «ባዶ ሆድ» የተባለው በእርግጥ ባዶ መሆኑን ያስቡ። ቢያንስ ለ8 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም አለመውሰድ ማለት ነው፤ ጠዋት የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና፣ ስኳር ባይገባበትም፣ ይቆጠራል። የጾም ምግብ መብላትም የላብራቶሪውን ጾም አይተካም። በረመዳን ሱሑር የበላ ሰው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከጨረሰ፣ ስምንቱ ሰዓት የሚሞላው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚሰጠው ደም በባዶ ሆድ የተሰጠ አይባልም። ለረጅም ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ መቆየት ደግሞ የኩላሊትና የሄሞግሎቢን ቁጥሮችን በጥቂቱ ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

በቅድመ ስኳር ደረጃ ላይ ያለ ሰው ከተጨማሪ ምርመራ ይልቅ ከራሱ ኑሮ ብዙ ያተርፋል። በ2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ የወጣ ትልቅ ጥናት፣ ክብደታቸውን 7 ከመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ድጋፍ የተደረገላቸው ሰዎች ወደ ስኳር ሕመም የመሸጋገር ዕድላቸው በ58 ከመቶ መቀነሱን አሳይቷል። የደሴን ዳገት በባጃጅ ከመውጣት በእግር መውጣት ለዚህ የሚሆን እንቅስቃሴ ነው።

በደም ምርመራ ታይፎይድና የጨጓራ ባክቴሪያ አለብህ ተባልኩ። መድኃኒት ልድገም?

ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል የደም ምርመራ የሚያሳየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ታይፎይድ በሚገኝበት አገር የሚኖር ሰው ከዚህ በፊት በያዘው ወይም በሌላ ተመሳሳይ ባክቴሪያ ምክንያት አነስተኛ ውጤት ሊያሳይ ይችላል። 1 ለ80 የሚል አንድ ውጤት ብቻውን፣ በተለይ ትኩሳት ለሌለው ሰው፣ አንቲባዮቲክ ለመጀመር በቂ ምክንያት አይሆንም። ይህን የምለው በየወሩ «ታይፎይዴ ተነሣብኝ» እያሉ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ቁጥር ጥቂት ስላልሆነ፣ ባክቴሪያዎችም መድኃኒቶቹን እየተላመዱ ስለመጡ ነው። ኤች ፓይሎሪ ለሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያም ቢሆን በደም የሚታየው ፀረ እንግዳ አካል ከሕክምና በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። መዳንዎን ማረጋገጥ ከፈለጉ ትክክለኛው መንገድ አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞልን የመሰለ መድኃኒት ካቆሙ ከ2 ሳምንት በኋላ የሚደረግ የሰገራ አንቲጅን ምርመራ ነው።

ስለ ክሪያቲኒን፣ ስለ እንቅርት ሆርሞን፣ ስለ ዩሪክ አሲድና ስለ ኢኤስአርስ?

ክሪያቲኒን በጡንቻ ብዛት፣ በቅርብ በተበላ ሥጋና በውሃ ማነስ በጥቂቱ ይጨምራል፤ ሥር የሰደደ የኩላሊት በሽታ ለማለት ችግሩ ከ3 ወር በላይ መቆየት አለበት፣ የሽንት ፕሮቲንና የደም ግፊትም አብረው ይታያሉ። የእንቅርትን ሥራ የሚያሳየው ሆርሞን፣ ቲኤስኤች፣ ከወሰኑ አልፎ ከ10 በታች ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ይደገማል፤ በብዙ ሰዎችም ተመልሶ ይስተካከላል፤ እርጉዝ ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ግን ያን ያህል መጠበቅ የለባትም። ዩሪክ አሲድ ከፍ ብሎ የመገጣጠሚያ ሕመም የሌለበት ሰው በአብዛኛው መድኃኒት አያስፈልገውም። በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁመው ኢኤስአር በዕድሜ፣ በእርግዝናና በደም ማነስ ስለሚጨምር፣ ምልክት በሌለው ሰው ላይ ብቻውን የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው።

ሁሉንም ምርመራ በአንድ ጊዜ ብጨርሰው አይሻልም? ገንዘቡን እኔው እከፍላለሁ።

ጥያቄው የሚገባ ነው፤ ያልታወቀ ነገር ይዞ መተኛት ከባድ ነው። ነገር ግን ተጨማሪ ምርመራ የሚሰጠው መልስ ዋጋ የሚኖረው፣ ምርመራው ሳይደረግ በፊት በሽታው የመኖሩ ዕድል ምን ያህል እንደሆነ ታስቦ ሲታዘዝ ነው። ከ1,000 ሰዎች አንዱን ብቻ የሚይዝ በሽታ አለ እንበል። ምርመራው በሽተኛውን ፈጽሞ የማይስት፣ ከጤነኞች መካከል ግን 5 ከመቶውን በስሕተት «አለበት» የሚል ቢሆን፣ ሺሁ ሰዎች ሁሉ ሲመረመሩ 51 ያህል ሰዎች «አለብህ» ይባላሉ፤ ከእነሱ ውስጥ በእርግጥ የታመመው አንዱ ነው። ሃምሳዎቹ ጤነኞች ወደ ሲቲ ስካን፣ ወደ ናሙና መውሰድ፣ አንዳንዴም ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ይገባሉ። ሲኢኤ እና ሲኤ 125ን የመሳሰሉ የካንሰር ጠቋሚ ተብለው የሚሸጡ የደም ምርመራዎች ምልክት የሌለበትን ሰው ለመመርመር የማይመከሩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሚጠቅሙት በዋናነት በሽታው የታወቀበትን ሰው ለመከታተል ነው።

ወጪውም ቀላል ጉዳይ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ፣ ከጤና ጣቢያ ጀምረው በሪፈር ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ቦሩ ሜዳ ወይም ወደ ደሴ ሆስፒታል መሄድ መድኑ እንዲሸፍንልዎ ይረዳል፤ በራስ ፍላጎት በግል የሚደረግ ምርመራ ግን ከኪስ ይወጣል። ከአንድ ወር የቤት ቀለብ የሚበልጥ ገንዘብ ጥያቄው ላልታወቀ ምርመራ ሲከፈል ማየት ያሳዝነኛል። ለሐኪሙ «የትኛውን በሽታ እየፈለግን ነው? ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ሕክምናዬ ይለወጣል?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው። መልሱ «አይለወጥም» ከሆነ፣ ምርመራውን ማቆየት ይቻላል።

ተደግሞ ኖርማል ሆነ ተባልኩ፤ ጭንቀቱ ግን አልለቀቀኝም።

ይህ በእርስዎ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ከባድ በሽታ የመኖር ዕድላቸው አነስተኛ በሆነ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ ኖርማል የሆነ ውጤት ጭንቀትን ለረጅም ጊዜ እንደማያስወግድ አሳይተዋል። ዕፎይታው ለቀናት ይቆይና «ላብራቶሪው ቢሳሳትስ?» የሚል ሐሳብ ይመለሳል፤ ሰውየው እንደገና ይመረመራል፣ ከብዙ ቁጥሮች አንዱ ደግሞ ምልክት ያሳየዋል። ጭንቀቱ ራሱ የሚያመጣው የልብ ምት መፍጠን፣ የደረት መጥበብ፣ የሆድ መረበሽና እንቅልፍ ማጣት ሌላ በሽታ መስሎ ይታያል።

የሚረዳው በአንድ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዞ መከታተልና ከቀጠሮው በፊት ምርመራ ላለመጨመር መስማማት ነው። እንቅልፍና ሥራ የሚያስተጓጉል ጭንቀት ከሳምንታት በላይ ከቆየ ሕክምና ያለው ችግር ስለሆነ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት ነውር አይደለም። ጠበል የሚጠመቅም ሆነ ዱዓ የሚያስደርግ ሰው የሚጽናናበትን ሊተው አይገባም፤ የሚጠየቀው የታዘዘለትን መድኃኒትና ቀጠሮ አብሮ እንዲይዝ ብቻ ነው።

ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም የማልጠብቀው መቼ ነው?

ምልክት ከቁጥር ይቀድማል። ጥቁር ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የእግርና የፊት እብጠት፣ የማይቆም የድድ ወይም የአፍንጫ ደም፣ ራስን መሳት፣ ወይም ከብዙ ጥማትና ሽንት ጋር ማስታወክ ያለበት ሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ከ2 ሳምንት የበለጠ ሳል፣ ሌሊት የሚያጠምቅ ላብ፣ ያለ ምክንያት የሚቀንስ ክብደት ወይም የማይጠፋ እብጠት ያለበት ሰውም የደም ውጤቱ ኖርማል ቢሆን እንኳ መመርመሩን ማቋረጥ የለበትም። እርጉዞች፣ ሕፃናትና የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች በዚህ ገጽ ላይ በተጻፈው ለአዋቂዎች የሚሆን ሐሳብ ራሳቸውን መመዘን አይገባቸውም።

ለድጋሚ ምርመራ ስሄድ ምን ላድርግ?

ከምርመራው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ከባድ የጉልበት ሥራና መጠጥ ይተዉ፣ ውሃ እንደ ልማድዎ ይጠጡ፣ ጉንፋን ወይም ትኩሳት ከያዘዎ የማይቸኩል ምርመራን እስኪያገግሙ ያቆዩ። የሚወስዱትን ማንኛውንም ኪኒን፣ ቫይታሚንም ሆነ የባህል መድኃኒት፣ ከነማሸጊያው ይያዙ። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠው ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን የአንዳንድ ሆርሞን ምርመራዎችን ስለሚያዛባ በተለይ ይናገሩት። የቀድሞ ውጤቶችዎን በቀን ቅደም ተከተል አድርገው ይዘው ይሂዱ፤ ወረቀቱ እየደበዘዘ የሚጠፋ ዓይነት ከሆነ ስምዎ፣ ቀኑ፣ ቁጥሩና የላብራቶሪው መደበኛ ወሰን በግልጽ እንዲታዩ አድርገው በስልክ ፎቶ ያንሡት።